የውሰት ምላስ

ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል
ግንቦት 1 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ ድንቅነሽ፣

ሰላም ከቤትዎ፣ ጤና ከሰውነትዎ አይራቅ እያልኩ ከሩቅ እጅ እነሣለሁ። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ እንዳይቸገሩ ልናገር፤ ዓብዩ ነኝ። የአባቴ አያትና የእርስዎ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው በባለቤትዎ በጋሼ ሀይለየሱስ ለቅሶ ነው። ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ሳለ፣ በዚያ ሐዘን ላይ ሆነው «ይሄ ልጅ ከሩቅ አገር ነው የመጣው፣ ቅዱለት» ብለው አዘዙልኝ። የቀረበልኝ ጥቁር ጠላ ነበር። እንዲህ ያለ መጠጥ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።

እኔ ጤነኛ ነኝ። በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ከተማው ተዘግቷል። የውኃ መሥመር የምነድፍበት መሥሪያ ቤት ከቤታችሁ ሥሩ ስላለን ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ እውላለሁ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የምንነጋገረው በስክሪን ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ እኔ የራሴን ፊት በጥቁሩ መስታወት ላይ እያየሁ እቀራለሁ።

እዚህ መንግሥት መጠጥ መሸጥ ስለከለከለ ሰው ሁሉ በየቤቱ መጥመቅ ጀምሯል። አብዛኛው በአናናስና በስኳር ነው። እኔም ሞክሬ ጣፋጭ ውኃ አወጣሁ። ቀጥሎ ከሱቅ የማሽላ ብቅል ገዝቼ ባልዲ ውስጥ ጠመቅኩ። መልኩ ቡና የታጠበበት ውኃ፣ ጣዕሙም እንደዚያው ሆነብኝ። የእርስዎ ጠላ ያን ያህል የሚጠቁረውና አፍ ውስጥ የሚከብደው በምንድን ነው? ቢቸገሩልኝ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
ዓብዩ


ደብረ ብርሃን
ግንቦት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓብዩ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እመብርሃን ትመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ደብዳቤህን ተማም በወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ተማም ገበያው አፍ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ነው። ይህን የምጽፈውንም በስልኩ ፎቶ አንሥቶ የሚልክልህ እሱ ስለ ሆነ የሚያሳፍር ነገር አትጻፍ።

ስንት ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ ኖረህ በጠላ መጣህ። ይሁን፣ በባዶ እጅ ከመምጣት ይሻላል።

ባልዲ ውስጥ ጠመቅኩ ትላለህ? ባልዲ ልብስ ይታጠብበታል። ሸክላ ፈልግ። የግራዋ ቅጠል ካላገኘህ በሙቅ ውኃና በጨው ደጋግመህ እሸው፤ ከዚያ አፉን ደፍተህ በወይራ ጭስ እጠነው። ጌሾውን ወቅጠህ በውኃ ትዘፈዝፋለህ፤ እሱ ጥንስሱ ነው። ሽታው ሲነሣ ብቅሉን ትጨምራለህ። ጥቁረቱና ክብደቱ ግን ከእንኩሮው ነው። የገብስ ዱቄት በጥቂት ውኃ አሽተህ፣ ፈርፈር ሲል ምጣድ ላይ አድርገህ እያማሰልክ ታምሰዋለህ። መቼ ላውርደው ካልክ አፍንጫህን ጠይቅ። የዳቦ ቅርፊት ሲሸት ገና ነው። ምርር ያለ ሽታ ሊመጣ ሲል፣ ከመምጣቱ በፊት ይወርዳል። ከመጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ሲበርድ ከጥንስሱ ጋር ለውሰህ ድፍድፍ ታደርገዋለህ፣ ትከድነዋለህ። ኋላም ውኃውን በአንድ ጊዜ አትገልብጥበት። ጠላ የሚቀጥነው ሰው ሲጣደፍ ነው።

ገንዘብ እንዳትልክ፤ የጋሼህ ጡረታ ይበቃኛል።

ድንቅነሽ


ትሮይቪል
ሰኔ 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

የማከብርዎ እትዬ ድንቅነሽ፣

ይህች ደብዳቤ በደህና ቀን፣ በደህና ሰዓት ታግኝዎ። ያዘዙኝን ሁሉ ለማድረግ ሞክሬአለሁ።

ጌሾ ፍለጋ ጀፕ ወረድኩ። የእኛ ሰዎች የጅምላ ሱቆች ያሉት እዚያ ነው። ሽጉጤ የሚባል የሆሳዕና ሰው የብረት በሩን ግማሽ ዝቅ አድርጎ ይሸጥ ነበር።

«ሽጉጤ፣ ጌሾ አለህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ።»

«ጌሾውስ?»

«ጌሾው ጓዳ አለ። እኔ የምሸጠው ቅጠል ነው። አንተ ምን እንደምታደርገው አላየሁም።»

«ቀምሰህ ልኩን ብትነግረኝ ደስ ባለኝ።»

«እሱ ይቅርብኝ። እጸልይልሃለሁ፤ ሻርፕ?»

ሻርፕ ማለት እዚህ ተግባባን እንደ ማለት ነው። ተግባብተን ተለያየን።

ወይራውን ያገኘሁት በራሳችን መንገድ ዳር ነው። ለጥላ የተከሉት ዛፍ ወይራ ኖሯል፤ ስንት ዓመት በሥሩ ሳልፍ አላወቅኩትም። የደረቀ ቅርንጫፍ ለቅሜ ማሰሮውን በረንዳ ላይ አጠንኩ። ወዲያው የሕንፃው የእሳት ደወል ጮኸ። ዘበኛው ማስኩን እያስተካከለ መጣ።

«ምን እያቃጠልክ ነው?»

«ማሰሮ እያጠንኩ ነው።»

«ማሰሮ?»

«አዎ።»

ትንሽ አየኝና ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፤ ሕመምተኛ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ጠላው ከመጀመሪያው በብዙ ይሻላል። የወይራው ሽታ አለው። ግን ቀጭን ነው፤ መልኩ ቀይ ዳማ፣ አፍ ውስጥም አይቆይም። መጠጥ መሸጥ ባለፈው ወር መጨረሻ ተፈቅዷል፤ እኔ ግን ወደ ሱቁ አልሄድኩም። የእርስዎን ምክር እጠብቃለሁ።

ዓብዩ


ደብረ ብርሃን
ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓብዩ፣

ክፉ ነገር ደጅህን ይለፈው። መልሴ የዘገየው ኔትወርኩ ተቋርጦ ስለ ነበር ነው። ኋላ ግን ተመልሷል፤ ሁሉንም በኔትወርክ ላሳብብ አልችልም።

ሐምሌ ላይ ታምሜ ነበር። ጉንፋን ነው ብዬ ተኛሁ፤ ትኩሳቱ ለቀቀኝና ተነሣሁ። ስነሣ አፍንጫዬ የለም። ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩ፤ ምንም። በርበሬ ምላሴን ያቃጥለኛል እንጂ በርበሬ አይለኝም። ጤና ጣቢያ «ይመለሳል፣ ታገሺ» አሉኝ። እየታገስኩ ነው።

ይህን የነገርኩት ላንተና፣ ማንበቡ ስለማይቀር፣ ለተማም ብቻ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። በወር በወሩ በማርያም ቀን የምንጠጣው ጽዋ ማኅበር አለን። በበሽታው ምክንያት ተቋርጦ ነበር። የማኅበራችን ሙሴ ብርነሽ ከጥቅምት ጀምሮ በርቀት ተቀምጠን እንሰበሰባለን ብላለች። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። የእኔ ተራ ጥር ሃያ አንድ፣ አስተርዮ ማርያም ነው። አፍንጫዬ ሞቷል ብላት ብርነሽ ተራዬን ለሌላ ትሰጠዋለች። በደግነት ነው የምትሰጠው፤ እኔ ያንን ደግነት አልፈልገውም። ባሌ ሞቷል፣ ልጅ የለኝም። በዚህ ከተማ ሰው ስሜን ሲያነሣ የሚያነሣው ከጠላዬ ጋር ነው።

እጄ ያውቀዋል እል ነበር። ለካ የሚያውቀው አፍንጫዬ ኖሯል። ባለፈው ሳምንት እንኩሮ ሳምስ መቼ እንደማወርደው ጠፋኝ። የምታመነውን ሰው ላስቀምስ ብል፣ ተማም አይጠጣ፤ የሚጠጣው ሁሉ ደግሞ ለብርነሽ ያወራል።

ስለዚህ ምላስህን አውሰኝ። የምታደርገውን ሁሉ በልኩ ጻፍልኝ፤ እኔም በዚያው ልክ እጠምቃለሁ። ልክ መጣ ስትለኝ እዚያ ላይ አቆማለሁ። ያንተ የቀጠነው እንኩሮውን ፈርተህ ቶሎ ስላወረድከው ነው። በርታ፣ ጨከን በል።

ድንቅነሽ


ትሮይቪል
መስከረም 22 ቀን 2013 ዓ.ም.

የማከብርዎ እትዬ ድንቅነሽ፣

አዲሱ ዓመት ያጡትን የሚመልስልዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ዕዳዬን አውቄአለሁ፤ ምላሴ የእርስዎ ነው።

በዚህኛው ጨከንኩ። እንኩሮውን የቀይ ሸክላ መልክ እስኪይዝ አመስኩት። ድፍድፉንም አበዛሁ፣ ውኃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨመርኩ። ጠላው ጥሩ ጠቁሯል። ከታች ፎቅ የሚኖር ፊሊፔ የሚባል ሞዛምቢካዊ ሽማግሌ ጎረቤት አለኝ። አንድ ማሰሮ በደረጃው በኩል አወረድኩለት፤ ባዶውን መለሰልኝ። እሱ ግን የተገኘውን ሁሉ የሚወድ ሰው ነው።

በእኔ በኩል ገና ይቀረዋል። ክብደቱ ሙሉ አይደለም። በሚቀጥለው ትንሽ ጠቆር ላድርገው። እርስዎም እንደዚያ ቢያደርጉ ጥሩ ይመስለኛል። እስከዚያው ስለ ጤናዎ፣ ስለ ከተማውም ሰፋ አድርገው ይጻፉልኝ።

ዓብዩ


ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 23 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓብዩ፣

እግዚአብሔር እንቅልፍህን የሰላም ያድርገው። ጠቆር አድርጊ አልከኝ፤ ጠቆር ማለት ምን ያህል ነው? ለኔ ጠቆር ብዙ ዓይነት አለው። ድሮ መልክ አይቼ አላውቅም፤ ጓዳዬ ጨለማ ነው። አሁን ምጣዱን ደጅ አውጥቼ በፀሐይ ነው የማምሰው። የሚያልፈው ሁሉ ምነው ድንቅነሽ ወጣሽ ይለኛል። ቤቱ ጭስ በዛበት እላለሁ።

ከእንኩሮው ትንሽ ቋጥሬ ተማም ጋ ወሰድኩና አሽትልኝ አልኩት። «እትዬ፣ እኔ የማውቀው የቀለም ሽታ ነው» አለኝ። ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ስብሰባ ከብርነሽ ቤት ሆነ። ጠላዋ ምን ይመስል እንደ ነበር አትጠይቀኝ። ሌሎቹ ሲያሞግሱ አብሬ አሞገስኩ።

መልሱን ቶሎ ላክ።

ድንቅነሽ


ትሮይቪል
ኅዳር 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

የማከብርዎ እትዬ ድንቅነሽ፣

የማኅበሩ ጸሎት እኔንም ይድረሰኝ። ስለ ጠቆር ለጠየቁኝ፦ በዚህኛው የተቃጠለ ጡብ መልክ እስኪይዝ ነው ያመስኩት። ጢሱ ሲነሣ ትንሽ ቆይቼ አወረድኩ። ከመስከረሙ ይሻላል፤ ሆኖም አሁንም የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ከዚህ ጥቂት ማለፍ ያለብን ይመስለኛል።

መሥሪያ ቤታችን ኪራይ ለመቆጠብ ሕንፃውን ለቅቋል። ወንበሬን ውሰድ ብለውኝ በታክሲ አምጥቼ ሳሎን ውስጥ አኖርኩት። አሁን ሁለት ወንበር አለኝ።

የእርስዎን ደብዳቤ ስጠብቅ ቀኑ መልክ ይኖረዋል። አይዘግዩብኝ።

ዓብዩ


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 25 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓብዩ፣

የልደቱ ባለቤት ይጠብቅህ። በአንተ በኩል በሽታው እንደ አዲስ ተነሥቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ከቤት አትውጣ። የአገሩን ነገር እንደምትሰማው ነው፤ ስለሱ አልጽፍም።

እኔ በጥር መባቻ ጌሾውን እዘፈዝፋለሁ። ከዚያ በኋላ የሙከራ ጊዜ የለም። ያንተን ልክ ይዤ፣ የተቃጠለ ጡብ አድርጌ፣ ጥቂትም አልፌ አምሰዋለሁ። አሁን በአንድ ቃል መልስልኝ፤ ልክ ነው ወይስ አይደለም? የማፍረው በአንተ ምላስ እንዳይሆን።

ድንቅነሽ


ትሮይቪል
ጥር 17 ቀን 2013 ዓ.ም.

የማከብርዎ እትዬ ድንቅነሽ፣

እጅ ለመንሣት ዛሬ ድፍረቱ የለኝም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት መመለስ ነበረብኝ። በየቀኑ እጀምርና እተወዋለሁ። ድፍድፉ ተከድኖ እንደ ሰነበተ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ማርያም ቀን ሳይደርስ ይወቁት።

የመስከረሙ ጠላ ልክ ነበር። ከለቅሶው ድንኳን ውስጥ የጠጣሁት ራሱ ነበር። ፊሊፔ ማሰሮውን ሲመልስ «ይሄ መጠጥ አይደለም፣ ምሳ ነው» ብሎኛል። የቀይ ሸክላው መልክ ላይ ማቆም ነበረብዎት። ይቀረዋል ያልኩት ውሸት ነው። የኅዳሩን ጭራሽ አልጠመቅኩትም፤ የተቃጠለውን ጡብ ከጭንቅላቴ ነው የጻፍኩት።

ልክ ነው ብዬ ብጽፍ ይመርቁኝና ጉዳያችን ያልቅ ነበር። ጠላው እስካልተስተካከለ ድረስ ግን መልስ ይመጣል። አስቤ ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው። እርስዎ ያንኑ እየተከተሉ እንደሚያጠቁሩ በደብዳቤ እየነገሩኝ፣ እያነበብኩት፣ ቀጠልኩ።

ፊሊፔ በታኅሣሥ ወደ ልጁ ማፑቶ ሄዷል። ሕንፃው ጸጥ ብሏል። መጠጥ እንደገና ተከልክሏል፤ ማሰሮዬ ግን ባዶ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም።

ጊዜ ካለ ጠላውን አያቅርቡት።

ዓብዩ


ደብረ ብርሃን
የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለዓብዩ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከዚህ የበለጠ ሰላምታ ዛሬ አይወጣኝም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በማርያም ዋዜማ ነው። ተማም ሱቁን ዘግቶ ራሱ ቤቴ ድረስ ይዞት መጣ። «እትዬ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት» አለኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጋኑ ፊት ለፊቴ ነበር። ሌላ ለመጥመቅ ጊዜ የለም። ከጠላ ቤት ገዝቼ ለማርያም ላቅርብ? እሱን አልቻልኩም። ያንኑ ቀዳሁት።

ቀኑ ዓርብ ስለ ዋለ ማዕዱ የጾም ነበር። ምስሩም ሽሮውም ደህና ሆነ። ቄሱ ባረኩ፣ እኔ ቀዳሁ። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም። «ማርያም ትቀበልሽ» አሉ፣ «ለከርሞ ታድርሰን» አሉ። አንድ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ብርጭቆውን ከወንበራቸው ሥር አኖሩት። ልድገማችሁ ብዬ ስዞር ሁሉም የብርጭቆውን አፍ በእጃቸው ከደኑ። በእኛ ማኅበር ጠላሽ ከፋ የሚል የለም፤ ብርጭቆውን እንደ ሞላ ትቶ የሚሄድ ነው ያለው። ከወንበሩ ሥር ያለውን ሁሉ ቆሜ አየሁት።

ሁሉም ሲሄድ ብርነሽ ቀረች። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ጓዳ ገባች።

«ምን ነክቶሽ አቃጠልሽው?» አለችኝ።

«አፍንጫዬ ሞቷል፣ ብርነሽ። ምላሴም።»

«እሱንማ ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«በምን አወቅሽ?»

«የእኔ ጠላ ኮምጥጦ ነበር። እነሱ ለይሉኝታ አሞገሱ፤ አንቺ ግን ደግመሽ ጠጣሽ። ድንቅነሽ የኮመጠጠ ጠላ ደግማ ከጠጣች ደህና አይደለችም አልኩ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ!»

ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ። እሷ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ዞር ብላ አላየችኝም። እግዜር ይስጣት።

ተራዬን አልወሰዱብኝም። ለፋሲካ ስጠምቅ ብርነሽ ከምጣዱ አጠገብ ትቀመጣለች። እኔ አማስላለሁ፣ እሷ «አውርጂ» ትላለች። ገና ከአሁኑ «ቀስ በዪ፣ ፍጠኚ» እያለች አንጀቴን ታሳርረዋለች። አፍንጫዬ ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ጤና ጣቢያም መሄድ ትቻለሁ። ምላስህን ግን ከእንግዲህ አልፈልገውም። መልሼልሃለሁ።

አንተን ተቆጥቼሃለሁ። ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው፤ ገና አልበረደልኝም። ተማም በየቀኑ «እትዬ፣ ለሰውየው ምንም አንልክለትም?» ይለኛል። የሱን ሱቅ ደጅ መርገጥ ልማድ ሆኖብኛል፤ ወረቀት መጥቶ እንደ ሆነ ሳልጠይቅ ወደ ቤቴ አልገባም። ስለዚህ ያደረግከው አይገባኝም ልልህ አልችልም።

ግን ስማኝ። እኔ መልስ እንድጽፍ ጠላ መበላሸት የለበትም። ዝም ብለህ ጻፍ። ምን እንደ በላህ ጻፍ። ዝናብ ዘንቦ እንደ ሆነ ጻፍ። ማን በርህን እንዳንኳኳ ጻፍ። ማንም ካላንኳኳ፣ ማንም አላንኳኳም ብለህ ጻፍ።

ድንቅነሽ